የወጥ ቤት ጢስ መውጫ በባለሙያ መጠረግ ስለሚገባው

ሰው ያለ እህል ሳምንታት፣ ያለ ውሃም ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ይህን የማያውቅ አንባቢ አለ ብለን አንገምትም። ዳሩ ግን ለእህሉ ወፍጮ፣ ለውሃው ቧንቧ፣ ለጥራጊው ገንዳ ያዘጋጀ የከተማ ሰው፣ በየቀኑ ለሚተነፍሰው አየር ያደረገው ዝግጅት ምን ያህል ነው ብለን ብንጠይቅ፣ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ የምናገኘው መልስ አጥጋቢ አይደለም። በብዙ ግቢ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራችው ወጥ ቤት ጢሷን የምታስወጣው በበሯና በቆርቆሮው ስንጥቅ ነው። ቧንቧ የተተከለላት ብትሆንም ቧንቧው ከተተከለ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ተጠርጎ የማያውቅ ሆኖ ይገኛል። ስለ መጀመሪያይቱ፣ ማለት ቧንቧ ስለሌላት ወጥ ቤት፣ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። በዚህ ወር ልናነሣው የፈለግነው ግን የሁለተኛይቱን ጉዳይ ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ የጢስ መውጫ ማለት አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ ሳይሆን በየጊዜው መጠረግና መጠገን የሚገባው ነገር ነው፤ ጥረጋውም በቤት ልጅና በሠራተኛ እጅ የሚሞከር ሳይሆን፣ ተምሮና ፈቃድ ይዞ በሚሠራ ባለሙያ ሊከናወን ይገባዋል።

ቧንቧ ካለ ጢሱ ይወጣል የሚለው አሳብ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ጢስ ወደ ላይ የሚነሣው ስለ ሞቀ ነው። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ እርሱ በለቀቀው ስፍራም በበሩ በኩል አዲስ አየር ይገባል። ቧንቧው ይህን ስበት የሚያጠነክር መሣሪያ ነው። ረጅምና ሙቅ ሲሆን ስበቱ ይበረታል፤ አጭር ወይም ጠባብ ሲሆን ይደክማል። እንግዲህ በቧንቧው ውስጥ ቀን በቀን የሚጋገረው ጥላሸት ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ በውስጡ ዙሪያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጥላሸት ቢይዝ፣ የቀረው ቀዳዳ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው ቧንቧው በግማሽ ተዘጋ ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የክብ ቀዳዳ ስፋት የሚለካው ወርዱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ለጢሱ የቀረለት መተላለፊያ የቀድሞው ሩብ ብቻ ነው። የቀረው ጢስ ወዴት እንደሚሄድ እንጀራ የምትጋግረውን እመቤት ዐይን ማየት ይበቃል።

ጥላሸቱም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ደረቅ የግራር እንጨት በደንብ ሲነድድ የሚተወው ጥላሸት ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ በመጥረጊያ ሲነካ ይረግፋል። እርጥብ እንጨት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ኩበትና ሰጋቱራ ግን ሙቀታቸው ገና ሳይበረታ ስለሚጤሱ፣ ጢሳቸው በቀዝቃዛው ቧንቧ ግድግዳ ላይ ዝፍት የመሰለ ቅባት ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ቅባት ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ በውስጡም ገና ያልነደደ ነዳጅ አለ። አንድ ቀን ምድጃው ከተለመደው በላይ ሲግል ቅርፊቱ ራሱ እሳት ይይዛል። በአገራችን ብዙ ቤቶች ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ አላቸው፤ ኮርኒሱም በአቡጀዴ ወይም በተሰፋ ማዳበሪያ የተወጠረ፣ ማገሩም ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው። ቧንቧው ኮርኒሱን በስቶ በሚያልፍበት ስፍራ በጨርቁና በጋለው ብረት መካከል አንድ ጣት እንኳ ክፍተት ያልተተወበትን ቤት በየሰፈሩ እናያለን። ይህን ስናይ ስለ ሳንባ በሽታ ከመናገራችን አስቀድሞ ስለ ቃጠሎ ለመናገር እንገደዳለን።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ከደጋ ከተማ የተቀዳ ምክርም ሁልጊዜ አይስማማቸውም። የመጀመሪያው ነፋሱ ነው። በአዳማ ዙሪያ በኮረብታዎቹ ላይ በ2012 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ፊተኛው 51 ሜጋ ዋት፣ ኋለኛው 153 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችሉት፣ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ለመብራት የጠቀመ ነፋስ ግን ለጢስ መውጫ ባላጋራ ሊሆን ይችላል። የቧንቧው አፍ ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ብሎ የቀረ እንደሆነ፣ ነፋሱ ጣሪያውን ዘሎ ሲወርድ ጢሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ስለዚህ አፉ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በላዩም ዝናብንና ነፋስን የሚከለክል ቆብ ሊደረግለት ይገባል። ከነፋሱ ጋር የሚመጣው አቧራም በቅባታሙ ቧንቧ ውስጥ እየተለጠፈ ጥላሸቱን ያወፍረዋል። በበጋ ወራት በአዳማ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ ጠዋት የወለወለውን ጠረጴዛ በቀትር ያየ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ወባ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልንቆይ እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም የጤና ባለሙያዎች የምንሰጠው ምክር እርስ በርሱ የሚቃረን መስሎ የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው። ቆላማ በሆኑት ከተሞቻችን፣ በመተሐራም በወንጂም በዝዋይም፣ ሕዝቡ ወባን ለመከላከል በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት እንዲደፍን፣ መስኮቱንም በማታ እንዲዘጋ ተነግሮታል። ሕዝቡም ሰምቷል። ክፍተቱ ሲደፈን ግን ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር በተያያዘበት ሁሉ ጢሱ በውስጥ ይታፈናል። ከሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ጢሱ ራሱ ትንኟን ያባርራል፣ የጣሪያውንም እንጨት ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ተዉት ይላሉ። ጢስ ትንኝን ጥቂት ያውካት እንደሆነ እንጂ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የሚሰጠውን ጥበቃ አይሰጥም። ለአንዲት ትንኝ ብሎ ሕፃንን በጢስ ማጠን ደግሞ የሚያዋጣ ንግድ አይደለም። መፍትሔው ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ መሸፈን፣ ጢሱንም በቧንቧ ማስወጣት ነው። ነገር ግን ወንፊቱ ጠባብ ዐይን ስላለው ከሁሉ ቀድሞ የሚዘጋው እርሱ ነው። በምድጃ አጠገብ ያለ ወንፊት በየሳምንቱ በብሩሽ ካልተመታ ጥላሸትና ቅባት ተቀላቅለው ከግድግዳ የማይለይ ያደርጉታል። በቧንቧው አፍ ላይ ግን ጠባብ ወንፊት እንዳይደረግ እንመክራለን፤ ማንም ሊደርስበት በማይችል ከፍታ ላይ የሚዘጋ ነገር ማስቀመጥ ነውና። ለዚያ ቆቡ ይበቃል።

ሦስተኛው፣ በአሁኑ ዘመን የመጣ ነገር ነው። በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የያዘ ቤት ብዙ ሆኗል፤ ይህም መልካም ነው። ቤተ ሰቡ ግን የእንጨቱን ምድጃና ቧንቧውን አያፈርስም፤ መብራት ሲጠፋ ይፈለጋልና። ቧንቧው ወራት ሳይሠራበት ሲቆይ ወፍ ጎጆዋን ትሠራበታለች፣ ተርብ ይሰፍርበታል፣ መገጣጠሚያውም ይዝጋል። ከዚያ በአንድ ምሽት መብራት ይጠፋል፤ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል፤ እንጨቱ ይለኮሳል። ከወራት በኋላ የሚለኮስ ምድጃ ከዕለት ዕለቱ ምድጃ ይልቅ የሚያስፈራን ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው የጤና ጉዳይ እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ በሚነሣ የጢስ አየር ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ከእነርሱም ከ237,000 በላይ የሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደ ነበሩ ገምቷል። በአገራችን በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአሥር ቤተ ሰብ ዘጠኙ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነበር። ጢሱ በሳንባ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ቀስ ያለ ነው፤ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ የእናቶች የቆየ ሳል፣ የዐይን ሞራ፣ የልብ በሽታ ሆኖ ይገለጣል። ቀስ ያለ በመሆኑም ማንም ምድጃውን አይከስሰውም።

ፈጥኖ የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ነው። ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድድ ይህ አየር ይፈጠራል። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ነው ብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው ሰው በዚህ አየር ይጠቃል፤ ይህም በየክረምቱ የሚሰማ ነገር ነው። ነገር ግን ቧንቧው የተዘጋ የእንጨት ምድጃም ያንኑ አየር እንደሚሰጥ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሕዝባችን ዘንድ እንዲህ ያለ ሕመም ሲደርስ ምች መታው ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል፤ አለዚያም ወተት ይጠጣል። ወተት በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አያስወጣም። የሚያስወጣው አየር ነው። በመልካም አየር ውስጥ የዋለ ሰው በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በር ተከፍቶ፣ በሽተኛው ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ምች ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይመታምና ምድጃው ይጠርጠር።

ከስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን አርሲ ነገሌ ነው። ከተማይቱ በአረቄ አውጪ ሴቶቿ የታወቀች ናት። ካቲካላው በየቤቱ ይወጣል፤ በመኪናም ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እንጀራ ጋጋሪ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከምድጃ ፊት ትቀመጣለች፤ አረቄ አውጪዋ ግን ከእሳቱ ፊት ስትነሣ ስትቀመጥ ትውላለች፤ እሳቱም በቶሎ የሚጠፋ አይደለም፣ ድፍድፉ ቀስ ብሎ እንዲፈላ በእርጋታ መያዝ አለበትና። በእርጋታ የተያዘ እሳት ደግሞ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ከሁሉ የበለጠ ቅባታም ጢስ የሚሰጥ እሳት ነው። ስለ መጠጡ ጉዳት እዚህ የምንለው የለም፤ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው። ሴቲቱ ግን ልጆቿን የምታስተምረው በዚህ ሥራ ስለሆነ፣ ሥራሽን ተዪ ከማለት ይልቅ ጢስሽን ወደ ውጭ አውጪ ማለት የሚቀልና የሚሰማ ምክር ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ማውጫ የተደረደረባት ሴት ቧንቧዋ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሁለት ወሩ ሊጠረግ ይገባዋል።

መንግሥትና ረድኤት ሰጪዎች ስለ ምድጃ ያደረጉትን ሥራ አንዘነጋም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፍቷል። የሚሠራውም ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆአችን የሚገኝ ነው። ከጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቆጥብ ተመስክሮለታል። አንዳንዱም ቧንቧ የሚገጠምለት ነው። ሆኖም ምድጃውን ያደለ ሁሉ ቧንቧውን ማን ይጠርገዋል የሚለውን ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማንም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ ቧንቧው እስከ አንገቱ ጥላሸት በጠጣ አዲስ ምድጃ ፊት ስንቆም ትዝ ይለናል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ከተመለሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በጀርመን አገር የጢስ መውጫ ጠራጊ የሚባለው ሰው ሙያውን ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ የምስክር ወረቀት የሚይዝ ነው። ከተማው በወረዳ ተከፍሎ እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ጠራጊ ነበረው፤ ባለቤቱም ሌላ ሊጠራ አይችልም ነበር። ከ2013 ወዲህ ለጥረጋው ባለቤቱ የፈቀደውን ባለሙያ መምረጥ ችሏል፤ ምድጃው ደኅና መሆኑን የመመርመሩ ሥልጣን ግን አሁንም በወረዳው ጠራጊ እጅ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሶ መሰላሉን ተሸክሞ በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ዕድል ያመጣል ብለው ደስ ይላቸዋል፤ በአዲስ ዓመት በሚላላኩት ካርድ ላይ እንኳ ሥዕሉ ይታተማል። በአገራችን ቆርቆሮ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ይህን ነገር ልብ ልንለው የሚገባ ነው። እንጀራ የምንበላበትን ምጣድ የሠራችልንን ሴት ስም እያወጣን ስናዋርድ ኖረናል፤ አሁን ደግሞ ጥላሸት የለበሰውን ወጣት በዚያው መዝገብ እንዳንጽፈው ያሰጋል።

ሥራው ግን አደጋ አለው፤ ይህንንም የጤና መሥሪያ ቤት ሆነን ልንሸሽገው አይገባንም። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ቀዶ ጥገና ሐኪም በ1775 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ፣ የጢስ መውጫ ጠራጊዎች በቆለጥ ከረጢታቸው ቆዳ ላይ በሚወጣ ነቀርሳ እንደሚጠቁ፣ ምክንያቱም በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት እንደሆነ አስረዳ። አንድ ነቀርሳ ከአንድ የሥራ ዓይነት የተነሣ እንደሚመጣ በግልጥ ከተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ጠባቡን መውጫ የሚጠርጉት ሕፃናት ነበሩ፤ በውስጡ ይወጡ ስለነበር ብዙዎቹ ታፍነው ሞቱ። ልጆችን በዚህ ሥራ ማሰማራት ፈጽሞ የቆመው ጠራጊው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ በ1875 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተሞች ይህ ሙያ ሲጀመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠራጊው ዕድሜው የደረሰ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ፣ ጓንትና የሥራ ልብስ ያለው፣ ከሥራም በኋላ ገላውን በሳሙና ታጥቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ እንዲሆን እንጠይቃለን። የሥራ ልብሱም ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ።

ጢስ ባይኖርበትም ጥረጋ የሚያስፈልገው ሌላ መውጫም እንዳለ በዚህ አጋጣሚ እንናገር። አዳማ የስብሰባ ከተማ እንደ መሆኗ ሆቴሎቿ ብዙ አንሶላና ፎጣ ያጥባሉ፤ አንዳንዱም ሆቴል የሚያደርቀው በማድረቂያ መኪና ነው። መኪናው የሞቀውን እርጥብ አየር በቱቦ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከአየሩም ጋር ከጨርቁ የሚረግፈው ብናኝ ጥጥ ይሄዳል። ይህ ጥጥ በቱቦው ውስጥ ሲከማች መንገዱን ያጠባል፣ መኪናውም ይግላል፣ ጥጡም እንደ ጭድ በቀላሉ ይነድዳል። በአሜሪካ አገር ይህ መኪና በየቤቱ ስላለ ከ2008 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ 2,900 ያህል የቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ እንደ ተነሣ የዚያ አገር የእሳት መከላከያ መሥሪያ ቤት ገልጧል፤ ከምክንያቶቹም ቀዳሚው፣ ከመቶ 34 እጅ የሆነው፣ አለመጥረግ ነው። በአዳማ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አንሶላ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ስለሚደርቅ፣ ለቤተ ሰብ ይህን መኪና ግዙ ብለን አንመክርም። ያለው ሆቴል ግን ወንፊቱን በየዙሩ፣ ቱቦውን ደግሞ በየጊዜው ያስጠርግ። የሆቴል ወጥ ቤት ጢስ መሳቢያም ቅባት ስለሚጠጣ ከዚያ የሚያንስ ጥንቃቄ አያስፈልገውም።

በዚህ አሳባችን ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። ድኻው ሕዝብ ለማገዶው እንኳ የሚከፍለው ባጣበት ጊዜ ለቧንቧ ጠራጊ ክፈል ማለት ምን ይሉታል የሚል አለ። መልሳችን ይህ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ የሚመጥጥ መኪና ተከራይቶ ይከፍላል፤ ያን ክፍያ ቅንጦት የሚለው የለም፣ ሽታው ያስገድደዋልና። የጢስ መውጫ ሲሞላ የሚያስገድድ ሽታ የለውም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ደግሞም የተዘጋ ቧንቧ እሳቱን ስለሚያዳክመው ማገዶ ያባክናል። በዝዋይና በሻሸመኔ መካከል በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የግራር ከሰል ጆንያ ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ ይህ ብክነት በዓመት ስንት እንደሚሆን ራሱ ሊያስበው ይችላል። ሌላው ተቃውሞ፣ ባለቤቱ ራሱ ቢጠርገውስ የሚል ነው። ቀጥ ያለ፣ አጭር፣ በቀላሉ የሚፈታ ቧንቧ ከሆነ ይጥረገው፤ አንከለክልም። ነገር ግን ክርን ያለው፣ ኮርኒስ የበሳ፣ ከጣሪያ በላይ የወጣ ቧንቧ ልክ ያለው የሽቦ ብሩሽ፣ ጽኑ መሰላልና የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የመራመድ ልምድ ይጠይቃል። በዕንጨት ጫፍ ጨርቅ አስሮ መግፋት ጥላሸቱን ወደ ክርኑ ሰብስቦ ፈጽሞ መድፈን ነው። ጠራጊው ደግሞ መጥረግ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የዛገውን መገጣጠሚያ ያያል፣ የተቃጠለውን ማገር ያያል፣ የወደቀውን ቆብ ይመልሳል።

ፋብሪካዎቻችን ይህን ያውቁታል። የስኳር ፋብሪካ በክረምት አገዳ መፍጨቱን አቁሞ ቦይለሩንና ቱቦዎቹን ይጠርጋል፣ ይጠግናል፤ ማንም ገንዘብ አባከነ አይለውም። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረው ከወንጂ ፋብሪካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው የአዳማ ሰው ግን የራሱን ቧንቧ እንደ ተራራ የማይለወጥ ነገር አድርጎ ይመለከተዋል።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። የከተማ ማዘጋጃ ቤቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ከሚያደራጁአቸው ወጣቶች መካከል በየከተማው ጥቂቶቹን ለዚህ ሙያ ይምረጡ፤ የቆርቆሮ ሥራ የሚያውቁትን ቢያስቀድሙ ይሻላል። የጤናና የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ያሠልጥኑአቸው፤ ፈቃድም ይሰጣቸው። ዋጋው በቧንቧው ርዝመት ተወስኖ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ጠራጊው እንዳይጎዳ፣ ባለቤቱም እንዳይታለል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በገጠር፣ በ2009 ደግሞ በከተማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባለሙያዎችን ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚያስገባ ስለሆነ፣ ስለ ሽንት ቤትና ስለ አጎበር ሲጠይቁ ቧንቧው መቼ ተጠረገ የሚለውን ጥያቄ ቢጨምሩበት ሸክሙ ቀላል ነው። ጊዜውም የታወቀ ይሁን፤ አንደኛው በግንቦት፣ ዝናብ ጥላሸቱን አርሶ ከማጣበቁና ምግብ ማብሰሉ ከደጅ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ሁለተኛው ለዘመን መለወጫ ግድግዳው ሲለሰንና ሲቀባ። የተጠረገውም ጥላሸት በነፋስ እንዳይበተን ረጥቦ በከረጢት ይታሰር እንጂ ወደ ጎርፍ ማስወገጃው ቦይ አይደፋ። ኪራይ ቤት የሆነ እንደሆነ ሒሳቡ የአከራዩ ነው እንላለን፤ ቧንቧው ተከራዩ ሲለቅ ከቤቱ ጋር የሚቀር ነውና።

ይህ እስኪሆን ድረስ እመቤቶች በየቤታቸው አንድ ቀላል ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አንድ እፍኝ ደረቅ ጭድ ወይም የተጨመደደ ወረቀት በምድጃው ውስጥ ከቧንቧው ሥር ይለኮስ። ጢሱ ወዲያው ወደ ቧንቧው ከተሳበ መልካም ነው። ጥቂት ካመነታ በኋላ ከተሳበ ቧንቧው ጥረጋ ይፈልጋል። በምድጃው አፍ በኩል ወደ ቤት ከተመለሰ ግን ቧንቧው ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ በዚያ ምድጃ ላይ ምጣድ አይጣድ፤ በዚያ ሳምንት እንጀራው ከጎረቤት ምድጃ ይጋገር።